ይታየው

ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠመኔ የያዘ
ይህ አውራ ጣቴ ነው፣ በመሮ የታዘዘ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ክረምት፣
ከሽምብጥ በታች ነፋስ የጣላት ዕለት፣
አንዲት አሮጊት ዋንዛ፣ ጎኗን ምስጥ የበላት፣
በጋሪ አስጭኜ አስገባኋት ከቤት።
«ማገዶ ነው?» አለች የሻረግ በሩ ላይ፤
«ፔሊካን ነው» አልኋት፣ «ቆይቶ የሚታይ።»

አልታየም።
በመጀመሪያው ቀን ምንቃሩ ተሰበረ፤
በማግስቱ ደግሞ አንገቱ አጠረ፤
በሳምንቱ ወፉ አሳ ሆኖ ቀረ፣
ጢም ያለው አምባዛ፣ በሠሪው ያፈረ።
የሻረግ አየችው ግራ ቀኝ ገልብጣ፤
«ለጾምም ይሆናል» አለችኝ ተቀምጣ።

ጎረቤት ያማኛል፦ «መምህር ታፈረ
ጡረታው አንሶት ነው እንጨት የጀመረ።»
ማነሱስ ያንሳል። ግን በዚያ አይደለም ነገሩ፤
ሌላ ዕዳ አለብኝ፤ ቁጭ ብሏል ከበሩ።

ሰባተኛ «ለ» ነው። ኋላ፣ ከጥጉ ሥር፣
ከደቅ ደሴት የመጣ አንድ ልጅ ነበር፤
ስሙ ይታየው ነው።
ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ፦ ክፍልፋይ፣ ሁለት ሦስተኛ።
«አንብብ!» አልሁት፤ ዝም። «አንብብ!» ለሁለተኛ።
ዝም። በማስመሪያ፣ መዳፉን። «ዳተኛ!»
አላለቀሰም እንኳ፤ ዓይኑን አጨንቁሮ
ፊቴን ፈለገው እንጂ፣ ወደ ድምፄ ዞሮ።
በወሩ ወንበሩ ባዶውን ተቀመጠ፤
መዝገቤ ላይ በቀይ ጻፍሁኝ፦ «አቋረጠ»።
በየጧቱ ያን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁት፤
ምን እንደሚለኝ ግን አንድ ቀን አልሰማሁት።

ስድሳን ስደፍን ጊዜ ዓይኔ ደክሞ ኖሯል፤
ሐኪሙ ጻፈልኝ፤ መነጽር ተሠርቷል።
አድርጌው ወጣሁኝ ወደ ሐይቁ ዳር፤
ዘጌ፣ ማዶ ያለው፣ የቀለም ጠብታ ነበር፤
ዛፍ፣ ዛፍ፣ ዛፍ ሆነ፤ ተነጣጠለ ባንዴ፤
«ያ ልጅ…» አልሁ ብቻዬን፤ ቁርጥ አለብኝ ሆዴ።

እሁድ እሁድ ዛሬ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
ሙሽሮች ለፎቶ ከሚሰለፉበት ዳር፣
ላስቲክ አነጥፋለሁ፦ ጭልፋ፣ ማንኪያ፣ ታንኳ፣
አምባዛም አለበት፣ አሁን ሆን ተብሎ እንኳ።
«አባባ፣ ምንድን ነው?» «ፔሊካን።» «አሳ አይደል?»
«አሳ ካልኸው ሦስት መቶ፤ ወፍ ካልኸው አራት መቶ ክፈል።»
ሂሳብ አይለቀኝም፦
ስድስት ጭልፋ ባንድ ታንኳ ሲደመር
ከነማኅደሩ ይገዛል አንድ የልጅ መነጽር።
ሳንቲሙን አልነካም፤ የሻረግ ናት ገንዘብ ያዥ፤
እሷን የሚያታልል አልተወለደም ገዥ።
ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ልጆች።
ሦስቱ ከሰባተኛ «ለ»።

የደቅ ጀልበኞችን ዘወትር እጠይቃለሁ።
«ይታየው ብዙ ነው፤ የትኛው?» ይሉኛል፤
«አንዱ መንኩሷል፤ አንዱ መተማ ወርዷል፤
አንዱን ሐይቁ ወስዷል።»
«የሚያጨነቁረው» ስል፣ መቅዘፊያው ሽቅብ ላይ፣
«ሁሉም ያጨነቁራል፤ ፀሐይ አለ ውሃ ላይ።»

ባለፈው ሐሙስ እናኑ፣ የአራተኛ ክፍል ልጅ፣
ያን የመጀመሪያውን፣ በሠሪው ያፈረውን፣
«ፔሊካን ነው» ብዬ ያስታቀፍኋትን ይዛ
ቆመች ከሐኪሙ ደጅ።
መነጽሩን ሰካንላት። አስነጠሳት።
እኔን አላየችም፤ ሐኪሙን አላየች፤
ሐይቁን ፊት ለፊቷ አፍጥጣ ቆየች።
ድንጋዩ ላይ ሦስት ነጫጭ ተቀምጠዋል፣
ክንፋቸውን ለፀሐይ ሰጥተዋል።
«ጋሼ፣ እነዚያ ምንድን ናቸው?»
«ፔሊካኖች» አልኋት።
ወደ እጇ አቀረቀረች። ወደ ሐይቁ አየች።
ወደ እጇ።

«እና የእርስዎ ወፍ ምንቃሩ የታለ?»

መሮዬን ልስል ገባሁ።