እርሳስ

ትናንት ማታ ማራኪ መብራት ሄዶ ነበር፤
ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲሰላ ያመሸ
አንድ ብልጭታ ዕድሜ፣ አንድ ቅንጣት ጠፈር
መልሱን ሳይነግረኝ በጨለማ ሸሸ።

እንጉዳይ፣ ተማሪዬ፣ በስልኳ መብራት መጣች፤
«ምን ላይ ደርሶ ነበር?» ከበሩ ጠየቀች።
«ሊበርድ ሲል» አልኳት።
ሳቀች።
ከፀሐይ እምብርት መቶ ሺህ እጥፍ የጋለ ነገር
እኛ ኮት ደርበን፣ ቢሯችን ውስጥ፣ ሊበርድ ሲል ነበር።

እርሳስ ከእርሳስ ነው የምናጋጨው።
ይኼ ጫፉ የተቀረጸው፣
ልጅ በጥርሱ የሚያኝከው አይደለም፤
ማዕድኑን ነው፣ የአተሙን አስኳል፣
ብርሃን ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው።
አስኳል ከአስኳል ሲላተም
ፕሮቶን የለም፣ ኒውትሮን የለም፤
ያጠራቸው አጥር ይፈርሳል፣
ኳርኩ ከግሉዎኑ ይደባለቃል።
ሊቃውንቱ ጋዝ ይሆናል ብለው ጠበቁ፤
ይበተናል፣ ይተናል፣ ማንም ማንን ሳይነካ።
ፈሰሰ ለካ!
ፈሳሽ ነው ለካ!

ፈሳሽ ከሆነማ የእኔ መምህር አጎቴ ዳኘው ነው፤
ታኅሣሥ በገባ ቁጥር የቀሃን ውኃ ጠልፎ
ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር በቦይ የሚያስገባው።
«ያልገባ አይወጣም፣ የገባ አይጠፋም» ይል ነበር
ቦዩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ልክ ሲሰፍር፤
የጎደለች እንደሆን ስንጥቁን ሳያገኝ አይተኛ።
ያንኑ ነው በቀመር የጻፍነው ዛሬ እኛ፤
ጠፈሯን በትናንሽ ሳጥን ከፋፍለን፣
ከሳጥን ሳጥን የሚሻገረውን ኃይል ቆጥረን።
የገባ አይጠፋም።

የሚያጨቃጭቀን አንድ ቁጥር ነው፤
ውፍረቱ፣ ቅጥነቱ።
ተልባ ነው? ማር ነው?
ወይስ ከዚህ ሁሉ የቀጠነ፣ ስም ያልወጣለት?

አስኳሎቹ ሁሌ ልብ ለልብ አይገናኙም፤
ጎን ለጎን ተሻሽተው ሲያልፉ
የተደራረቡበት ቦታ ዓይን ይመስላል፤
ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ እንዳሉት፣
እንደዚያ ያለ ዓይን፣ ቁልቁል የሚያይ።
በማሩ ቁጥር ስናሰላው
ዓይኑ ይሟሽሻል፣ ክብ ይሆናል፣ ይረሳል።
ስናቀጥነው ግን፣ ከውኃም አሳልፈን ስናቀጥነው፣
በጠባቡ ጎን በኩል ገፍቶ ይወጣል፤
ያ ሁሉ ሺህ ቅንጣት በርዶ፣ ተበታትኖ፣
መመዝገቢያው ላይ ሲያርፍ
ዓይኑም አብሮት ያርፋል።
እርሳስ እንደነበረ አያውቅም፤
እንዴት እንደተመታ ግን ያስታውሳል።

አጎቴ ዳኘው አሁን ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ከልጁ ቤት፤
ስሜን ሦስቴ ነግሬው ሦስቴ ጠየቀኝ በቀደም ዕለት።
የሚስቱ ስም ጠፍቶበታል፤
ልጁን ከልጅ ልጁ ይቀላቅላል።
ታኅሣሥ ሲገባ ግን፣ ማንም ቀኑን ሳይነግረው፣
ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ የሌለ መዝጊያ ያነሣል፤
ትንሽ ከፍ፣
ትንሽ ዝቅ፣
ጣቱን ይዘረጋል፣ ይሰፍራል።

ቃሉ ራሱ ይነዘንዘኛል፦
እርሳ... ስ።
እርሳስ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ፣ የሚለኝ ይመስለኛል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መብራት መጣ፤
የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።
እንጉዳይ ቀጭኑን ቁጥር ጻፈች።
«ከመጀመሪያው?»
«ከመጀመሪያው።»
ሁለቱ እርሳሶች እንደገና ተነሡ።

ጠዋት ሳልተኛ ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ።
«ማነህ?» አለኝ።
ነገርኩት።
ዓይኑን ከጣሪያው ሳይነቅል፣
«ከቀሃ ውኃው ገባ?»
«ገባ» አልኩት።
«የጎደለ አለ?»
ዝም አልኩ፤
ስንጥቁን ስፈልግ።