እናዝናለን

ትራሙ ሽቅብ ሲወጣ፣ የሼፊልድን ዳገት ይዞ፣
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ፣ እንደ ዓሣ ተወዛውዞ።
«ውድ አመልካች» ነው መግቢያው፣ መውጫው ያው «እናዝናለን»።
ሠላሳ አንድ ኀዘንተኛ አለኝ፤ ታዲያ ድንኳን የጣለ፣
አንድ ጭብጥ ንፍሮ ያመጣ፣ «እግዜር ያጽናሽ» ያለኝ የለ።

አባቴ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍርድ ቤቱ በር፣ ከጥዱ ሥር፣
ማመልከቻ ጻፊ ነበር።
ላም ለተነዳበት ገበሬ፣ ለዘበኛ ደሞዙ ለቀረበት፣
«ጉዳዩ፦» ብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰምርበት።
«ልጄ፣ ማመልከቻ ላይ» ይላል፣ «እንባ ቀለም ያበላሻል፤
ቀን ጻፊ፣ ቁጥር ጻፊ፤ ከሮሮ ቁጥር ይሻላል።»

እሺ አባዬ። ቀንና ቁጥር።
ማስተርስ፣ በውሃ ምህንድስና፤ መቶ አሥር ገጽ፣ አንድ ክረምት፣
የዚች ከተማ አሮጌ ቧንቧ የት የት እንደሚያፈስ የለየሁበት።
ከምረቃ በኋላ ሁለት ዓመት፣ «ያለ ዋስ ሥሪ» ተብዬ፤
ከሁለቱ የቀረኝ ዛሬ መቶ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ አባዬ።
ማብቂያው በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን አምስት ላይ ይውላል፤
ደሞዝ በማያውቃት ወር። ቢነግሯቸው አይገባቸውም እንጂ ያስቃል።

ከዚያ ወዲያ ዋስ ጥሪ ነው።
እዚያ ከጥድህ ሥር ዋስ ማለት በቅሎ ያለው ጎረቤት ነበር፣
ኮፍያውን አውልቆ «እኔ አለሁላት» የሚል፣ በቃሉ የሚያድር።
እዚህ ዋስ ኩባንያ ነው፤ ስሙ ከመዝገብ የሰፈረ፣
ለኔ ከተተመነው በላይ ደሞዝ ሊቆርጥ የደፈረ።

ፕራናቭ አገኘ፣ ሊድስ፤ በማግስቱ ሳቁ ተለወጠ።
ኢፌዮማ አላገኘችም። ድስቷንና ካፖርቷን ሰጥታኝ
ሌጎስ ገባች።
ድስቱ ትልቅ ነው፣ ለአንድ ሰው።

ማታ ማታ ከአረጋውያን ቤት ዶሪንን ደግፌ አስተኛለሁ፤
«ነገስ ትመጪያለሽ?» ትላለች። «እመጣለሁ» እላለሁ።
ያለ ዋስ የሰጠሁት ቃል እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር አንዱ ጠራኝ፤ ሚስተር ሃርግሪቭ፣ ባለ ነጭ ጢም፤
ካርታ ዘርግቶ ጠየቀኝ፤ ጣቴ አልተንቀጠቀጠም።
«እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም» አልኩት። ዓይኑ እንደ ልጅ በራ፤
ሻይ አስመጣ፤ ስሜን እየሰባበረ «አዝመራ» ብሎ ጠራ።
ከዚያ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ገብታ በጆሮው አንድ ነገር አለችው፤
ካርታውን ቀስ ብሎ ጠቀለለ። ሻዩን አልጨረስነው።
ከሁሉም ፊቱ ያዘነ እሱ ነበር፤
ደብዳቤውን ግን ማሽን ላከው።

በየቅጹ መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች፤
«አሁን ወይም ወደፊት ዋስ ያስፈልግዎታል?» እያለች።
«አዎ» ካልኩ በሩ ይዘጋል። «አይ» ካልኩ
እውነት ነው፣ መቶ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ልክ በልኩ።
አይ! ብዬ ተነፈስኩ ትራሙ ላይ፤
ማሽን «አይ»ን ከ«አይ» አይለይ።

ስወርድ፣ ላንግሴት መንገድ ጥግ፣ አስፋልቱ በደረቅ ቀን ያለቅሳል፤
ቀጭን ውሃ፣ ንጹሕ፣ ከድንጋዩ ሥር እየሾለከ ይፈሳል።
አወቅሁት። ገጽ ስልሳ ሁለት። የዛገ መጋጠሚያ።
ለውሃ ድርጅቱ፣ ያው ለኀዘንተኛ ቁጥር ሰባት፣
ጻፍኩ፦ ቀን። ሰዓት። ጉዳዩ። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።
እንባ አልጨመርኩበት።

መልሱ ደቂቃ አልፈጀም።
«ውድ ደንበኛ» ነው መግቢያው፣ መውጫው «እናመሰግናለን፤
በዚህ ሳምንት ውስጥ ሠራተኛ እንልካለን።»

እኔ እዚያው ነበርኩ፤
ጫማዬ እየራሰ።