የታሰረ ኪራይ

ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ስትፈልግ ኖረች፣
«ኪራዩ በሕግ ገመድ የታሰረ» እያለች።
ሌሊት ሽማግሌ ስታገላብጥ አድራ፣
ሲነጋ ወረፋ፣ ከመቶ ሰው ጋራ።
ቁልፉን ያሽከረክራል በጣቱ ደላላ፦
«ያመት ገቢሽ ስንት? የኪራዩ አርባ እጥፍ? ሌላ?»
አንዱ ቤት መስኮቱ ያያል ግድግዳ፣
በአንዱ ማድ ቤት መሃል ተጋድሟል ገንዳ፤
አንዱ ደህና ነበር፤ ብዕር አንሥታ ሳለች
ሌላ ሴት ከኋላ የዓመት ከፍላ ገባች።

ግጥም እንኳ በአቅሙ በየስንኙ ቤት አለው፤
ኢሉሚናዳ ግን፣ ከዳይክማን እስከ ብሮንክስ ዞራ፣
ቤት አልመታላትም።

ማታ ወደ ሦስት-ሲ ትመለሳለች።
ልጇ ያንሴል አልጀብራው ላይ ተደፍቶ ተኝቷል፤
ራዲያተሩ ይስላል፤
መስኮቱ ላይ የተሰቀለው አንሶላ ነው፣
«የምንለቀው ቤት መጋረጃ አያሻውም» ስትል
ዘጠኝ ዓመት የሞላው አንሶላ።
ማቀዝቀዣው ላይ የአከራዩ ደብዳቤ፦
ከመስከረም ወዲያ አራት መቶ ዶላር ጭማሪ።
ሰላምታ እንኳ የለው።

ምድር ቤት የሚኖረው ሽማግሌው ትዌሚ
ቆሻሻ ሲጥል አገኛትና፦ «እስቲ አንድ ነገር ስሚ፤
ሕንፃው አሮጌ ነው፣ እኔም አሮጌ ነኝ፣
ሁለታችንን የሚያውቅ መዝገብ አለ፣ እመኚኝ።
ለቤቶች ቢሮ ጻፊ፤ የሦስት-ሲን የኪራይ ታሪክ ላኩልኝ በይ።
ሳንቲም አያስከፍሉም። ሌላ ከመፈለግሽ በፊት ያለሽበትን እይ።»

ፖስታው በሦስተኛው ሳምንት መጣ፣ ስስ ነገር።
ደረጃው ላይ ተቀምጣ አነበበች፦
ሰማንያ አራት፦ ፒንከስ፣ ግላዲስ። ሁለት መቶ ሰማንያ ዶላር።
ዘጠና አንድ፦ ፒንከስ። አራት መቶ አሥር።
ሁለት ሺህ አምስት፦ ፒንከስ። ስድስት መቶ ሰባ።
ከዚያ ባዶ።
ባዶ።
ባዶ።

ፒንከስ!
የፖስታ ሳጥኑ ላይ፣ ከእሷ ስም ሥር፣
በጥፍሯ ፍቃ ፍቃ ያልለቀቀላት ስም።

ሴትዮዋ ሞተች እንጂ ኪራዩ አልሞተም፣
ዳኛ አልፈታውም፣ ዋስም አልጠራም፤
እስረኛውን ደብቆ በጓሮ በር ያስወጣው
መዝገብ መሙላት የተወ የአከራዩ ጣት ነው።

«በእጅ የያዙት ወርቅ» ይባላል፤ እሷ ደግሞ
ፍራሽ አንጥፋበት ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት፣
ወርቁን ፍለጋ ባቡር እየተሳፈረች።

ጉዳዩ ገና ነው። የመዝገብ ቁጥር ሰጥተዋታል፤
ዓመት ይፈጃል አሉ፣ ምናልባት ሁለት፤
አከራዩ ጠበቃ ይዟል።
ትዌሚም «ያስለፋሻል» ብሏታል፣ ደስ እያለው።

ቅዳሜ ዕለት ግን ወረፋ አልወጣችም።
ያንሴልን ወንበር ላይ አቁማ
የሜትሩን ጫፍ አስያዘችው፤
አንሶላውን አውርዳ መስኮቱን ለካች፦
ወርዱ ሃምሳ ሁለት ኢንች።
ቁመቱን ሁለቴ ለካችው፣
እንዳትሳሳት።