ፊቴ የራሴ

ዝናቡ አግድም ሲመታ ከቺሎዌ ደሴት ዳር፣
ተራርቀን ቆመን ሳለ፣ የጧቱ ጀልባ ሲጠበቅ ነበር፣
ቲኬት ቆራጯ ኤደልሚራ በመስኮቷ አየችኝ፤
አፏን በጣቷ ጠቁማ «ያንተስ የታል?» አለችኝ።

«ኪሴ ውስጥ ነው፤ ፊት እንደሆን ፊቴ የራሴ ነው፤
በቅሎ አይደለሁ አልለጎምም፤ መምረጥ የምችል ሰው ነኝ ሰው።»
ከኋላዬ ሁለት ሳቁ፤ ሳቃቸው ሞቀኝ፣
አንዱማ ትከሻዬን መትቶ ጀግና አስመሰለኝ።

አልተከራከረችኝም።
«ፊትህማ ያንተው ነው» አለች መልሴን ቆጥራ፤
ዓይኗ አልፎኝ ሄደ፤ የሌላ ሰው ሆነ ተራ።

ጀልባው ጡሩምባ ነፋ፤ በመኪኖቹ መሀል አልፌ
ከነፋስ መከለያው ሥር ቆምኩ፣ ጃኬቴን እስካንገት ቆልፌ።
አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ የድንች ጆንያ ተደግፈው፣
ቀጭን ቱቦ ካፍንጫቸው፣ የኦክስጅን ጋናቸውን አቅፈው።

ዙሪያዬን አየሁ፤ ሾፌሩ፣ ተማሪው፣ ዓሣ ሻጯ፣
ያቺ ሕፃን እንኳ ሳትቀር ተሸፍኗል አፏም ጉንጯ።
የተገለጥነው ሁለት ነን፣ እሳቸውና እኔ።
ጆንያውን ገፋ አድርገው «ና» አሉኝ፣ «ና ጠጋ በል ወደኔ፤
እኔን ሐኪም ከልክሎኝ ነው፣ ጨርቅ ሲነካኝ ያፍነኛል።
አንተም ሳንባህ ነው ልጄ? በዚህ ዕድሜህ? ያሳዝናል።»

ምን ልበል?
ሞተሩ ያጓራል።
«ሳንባዬ ደህና ነው» ማለት እንዴት እንዲህ ይከብዳል?
ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ፣ የራሴኑ ፊት፤
ጣቴ ኪሴን ይዳብሳል፣
ከቁልፍና ከሳንቲም መሀል አጣሁት።