ፋኖሱ ይቅደም

አዛናው ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ከጎንደር በታች የጠዳው ሰው፣
ገመዱን ወገቡ ላይ ሳያስር፣ ዶማውን ገና ሳያነሣው፣
ፋኖሱን አስቀድሞ ያወርዳል።
«እሱ ይግባ» ይላል፣ «ሚስት የለው፤
ቢሞት የሚያለቅስ አይኖርም፣ በክብሪት ነው የሚነሣው።»

ገመድ ያዡ እኔ ነኝ። ክንድ እየቆጠርኩ ለቀቅሁ።
አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ነበልባሉን አጎንብሼ አየሁ፤
ስምንተኛው ላይ አጠረ፣
ሰማያዊ ሆነ፣
ማንም እፍ ሳይለው ከሰመ።
ጭሱ ሽቅብ አልወጣም፤ እዚያው መሐል ላይ ተጋደመ፣
ውሃ ላይ እንደ ወደቀ ጭድ።
ውሃው ግን የለም።

«ሞልቷል» አለ አዛናው።
ድንጋይ ወረወርኩ፤ ደረቅ መሬት ነው የመለሰው።
«አየር እኮ ነው፣ ከባዱ አየር። ሌሊት ሌሊት ከስንጥቁ ይወጣል፣
እንደ ጎርፍ ቁልቁል ያውቃል፣ እንደ ሌባ ዝም ይላል፤
ሽታ የለው፣ መልክ የለው፤ ዝቅ ያለ ቦታ ካገኘ ይተኛል።»

ካቻምና አዘዞ ላይ እንየው ፋኖስ አላወረደም።
ለወደቀች ባልዲ ነው የገባው፤ «መጣሁ» አለ፣ አልመጣም።
ወንድሙ ጥጋቡ ተከተለው፣ እጁን ሊሰጠው፤
እሱም ከጎኑ ቁጭ አለ፣ መንገድ እንደ ደከመው።
ከላይ ነፋስ ነበር፣ የባሕር ዛፉን ጫፍ የሚያጎነብስ፤
እስከ ጉድጓዱ አፍ መጥቶ
ተሻግሮት ሄደ፣ ወደ ታች ሳይደርስ።

ስለዚህ መናጥ ነው።
ከወይዘሮ ይሰለፉ ጃንጥላ ተዋስን፤
«ዝናብ ከታች ይዘንባል እንዴ?» ብላ ሳቀችብን።
ገልብጠን፣ ዘርግተን፣ እጀታውን በገመድ አሰርነው፤
አውርደን፣ ስበን፣ ከጠርዙ ወዲያ
ወደ መገጭ ቁልቁለት ደፋነው፣
ያልታየንን ነገር፣ መቶ ጊዜ፣ ክንዳችን እስኪዝል።
ከዚያ የወይራ ቅርንጫፍ፣ ከነቅጠሉ፣
ወደ ላይ ወደ ታች፣ እርጎ እንደሚገፋ ሰው፤
ከባዱ ከቀላሉ ገባ፣ ቀላሉ ከከባዱ፣
የቱ የቱ እንደ ሆነ ጠፋ።
«አንዴ ከተዋሐደ» አለ አዛናው፣ «ተመልሶ አይለይም።
የምፈራው ገና የሚመጣውን ነው።»

ፋኖሱ ስምንተኛውን ክንድ አለፈ። ዘጠኝ። ዐሥር።
ቆየ። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ።
አዛናው ገመዱን ታጠቀ፣
ቀና ብሎ ሳያየኝ ወረደ።

ወይዘሮ ይሰለፉ ጃንጥላዋን ተቀብላ በመዳፏ ዳሰሰች፤
«አልረጠበም እኮ» አለች።
እየቆጠርኩ ነበር፤ አልመለስኩላትም።