በ‹ጠ› የገባ ፋይል

ከለገጣፎ አልፎ፣ ከሰንዳፋ መለስ፣
መዝገብ ቤት አለልህ፣ ሐምሌ የሚያፈስስ።
እኔ ነኝ ጠባቂው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት
አቧራ ሳራግፍ፣ ርስት ስመለከት።

መሬት እዚህ ቀሎ በክንድ ይታቀፋል፣
በሲባጎ ታስሮ ሣጥን ይከተታል፤
በሬ አያርሰውም፣ አይጥ ግን ያርሰዋል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ወይዘሮ በዳኔ፣ ከሟች ከዘራ ጋራ።
«የባሌን ፋይል ስጠኝ፣ የቱፋ ጉርሜሳ፤
ቁጥሩን አላውቀውም፣ ስሙን ግን አልረሳ።»

ከተማው ሲጠጋ፣ ማሳውን ሲበላው፣
የሰው ሁሉ ነገር ዘንድሮ አንድ ነው፦
ካሳ ነው፣ ምትክ ነው፣ ካርታ ነው፣ ውርስ ነው።
እሳቸውም መጡ፤ ጉዳዩ ይኸው ነው።

ከ‹ተ› ጀምሬ አንድ ባንድ ሳወጣ፣
ተሰማ፣ ታከለ፣ ቶላ፣ ቱሉ መጣ፤
ቱፋ ብቻ የለም፣ ከየት ገብቶ ይውጣ።

«ፋይሉ ጠፍቷል» ማለት ቀላል ነበረ፣
ስንቱ በዚህች ቃል ከደጄ ተባረረ።
አልሄዱም። ቁጭ አሉ በተሰበረች ወንበር፣
ከዘራው ሲሚንቶ ላይ ይጽፋል አንዳች ነገር።

ኋላ ትዝ አለኝ ያ ባለ ብዕር፣
የአገሬውን ስም በራሱ ጆሮ የሚያሰፍር፣
‹ሐ›ን ከ‹ሀ›፣ ‹ጠ›ን ከ‹ተ› ሲያማታ የሚያድር።
በ‹ጠ› ወርጄ አየሁ እስከ መጨረሻ፦
ጣሰው፣ ጥላዬ፣ ጥሩነሽ… ጡፋ ጉርሜሻ!
በአንዲት ፊደል ስደት፣ ሃያ ስምንት ዓመት፣
ሰውየው ማሳው ላይ፣ ወረቀቱ ባዕድ ቤት።

ገለጥኩት። እንዲህ ይላል፦
ምሥራቅ፣ ትልቁ ሾላ።
ምዕራብ፣ የወፍጮ መንገድ።
ደቡብ፣ ወንዙ።
ሰሜን፣ የበንቲ ዋቆ ማሳ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ወዲያ።

ሾላው ዛሬ ብሎኬት ማምረቻ ነው።
ወፍጮው ነዳጅ ማደያ ሆኗል።
ወንዙን ቱቦ ውስጥ ከተውታል።
በንቲ ሞቷል።
ድንጋዩ አለ።

«የድንጋዩን ድገመው» አሉኝ።
ደገምኩት።
ከዘራው መጻፉን ተወ።

«ያ ድንጋይ ቦታው እዚያ አይደለም፣ ልጄ።
ለኪዎቹ ሊመጡ በዋዜማው ሌሊት
ቱፋ በዶማ ፈነቀለው፤
በዚህ ከዘራ ለክቶ፣ ሦስቴ አጋድሞ፣
ወደ በንቲ ማሳ አስገባው።
ፋኖሱን የያዝኩት እኔ ነኝ።
ከዘራውን ልደገፈው አላመጣሁትም፤
ልኩ እሱ ነው።
ለበንቲ ልጆች ጻፍልኝ።»

ሦስት ከዘራ መሬት፣ በዛሬው ገበያ፣
ሁለት ሱቅ ያወጣል፣ ከአስፋልቱ ወዲያ።
«ልጆችዎስ ያውቃሉ?» አልኳቸው።
«ሲያውቁ ይቆጣሉ» አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

መሳቢያዬን ሳብኩ።
የውርስ ቅጽ አለ፣ የካሳ፣ የስጦታ፣ የክርክር።
«ተወሰደብኝ» የሚለው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል።
«ወስጃለሁ» የሚል ቅጽ
በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አላየሁም፤
ማተሚያ ቤቱም አስቦት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ነጭ ወረቀት አወጣሁ።
የተናገሩትን እንደተናገሩት ጻፍኩ፣
አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነካሁ፣
ገጽ አሥራ አንድ ብዬ ቁጥር ሰጠሁት።
ከዘራውን ግን ምን ላድርገው?
«ከዘራ ፋይል ውስጥ አይገባም፣ እማማ።»
«ያለ ልኩ ማን ያምነኛል?»

ከማሰሪያው ሲባጎ ላይ
ከእጀታው እስከ ጫፉ ለክቼ ቆረጥኩ፤
አንድ፣
ሁለት፣
ሦስት።
ጠቅልዬ ከጣታቸው አሻራ ጎን ሰፋሁት።

ቱፋን በ‹ተ› መለስኩት። በ‹ጠ› ባዶ ቦታ
ብጣሽ ወረቀት ተውኩ፦ «እዚህ የለም፤ ቤቱ ገብቷል።»

በር ላይ ደርሰው ዞሩ።
«ሲባጎውን አይጥ ቢበላውስ?»

መልስ አልነበረኝም።
ጣራው ጠብ አለ፣ ጠብ።
ወንበሯ ላይ ወጣሁ፤ አንድ እግሯ ተወላገደ፤
ፋይሉን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አወጣሁት።