ቧንቧ የሌለበት ቦታ

ሥራዬ ማዳመጥ ነው። እንጀራዬም ከጆሮዬ።

አርባ ማይክሮፎን ሰቀልን በየቧንቧው አንገት፣
አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ሽቦ ያላቸው እንደ ጅማት።
የኮምቦልቻ አየር፣ በነጻ የመሰለን፣
ከኮምፕሬሰር ወጥቶ ሲሾልክ ለካ በብር ሲያከስረን።

መኪያ ከደሴ ወረደች፣ ኮምፒውተሯን በጉልበቷ፤
"ማሽኑ ገና ሕፃን ነው፣ አስተማሪው አንተ ነህ" ብላኝ ሄደች ወደ ቤቷ።

ሦስት ወር ሙሉ ታዲያ፣ ከምሽት እስከ አዛን፣
ድምፅ ለየሁለት፣ እንደ እህል በሚዛን።
ይሄ የማጠንጠኛው ነው፤ "ጤና" ብዬ ጻፍሁ።
ይሄ ከደሴ ቁልቁል የሚወርድ፣ የጅቡቲ መኪና ፍሬን፤ "ጤና"።
ይሄ ዝናብ፣ በቆርቆሮው ላይ፤ "ጤና"።
ይሄኛው ግን ቀጭን፣ ከሰው ጆሮ የማይደርስ፣
በጥርስ መሃል እንደሚያመልጥ ሐሜት፣ ስስ፤
"ቀዳዳ"።

ተማረ። ወላሂ ተማረ!
እኔ "ጤና" ያልኩትን መጋጠሚያ አንድ ሌሊት ጠረጠረ፤
ሳሙና ቀብተን ብናይ፣ አረፋው እንደ ተልባ ተንጫጫ።

ኅዳር ላይ፣ የቦርከና ብርድ በበሩ ሥር ሲገባ፣
ስክሪኑ ቀላ።
ቁጥር ሃያ ሰባት። ቀዳዳ። ዘጠና አንድ ከመቶ።

ቁልፌን ይዤ፣ ባትሪዬን ይዤ፣ ሄድኩ ባጣዳፊ፣
ብዳስስ፣ ብዳስስ፣ የለም አየር አሳላፊ።
ሃያ ሰባት እኮ ባዶ ግድግዳ ነው!
መኪያ፣ "ዝምታም ምን እንደሚመስል ይወቅ" ብላ የሰቀለችው።
ከሥሩ የጥጥ እስር፣ በእስሩ ላይ ጋቢ፣
በጋቢው ውስጥ እንድሪስ፣ የማበጠሪያው የድሮ መጋቢ፣
ዛሬ የሌሊት ዘበኛ።
ተኝቷል።
ሲስብ ዝም። ሲያወጣ ሲ... ሲ... ሲ...

መጀመሪያ ሳቅሁ። "ልጅሽ ተሳሳተ" ልላት ስልኬን አወጣሁ።
ከዚያ ጆሮዬን አስጠጋሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የሳበው ጥጥ፣ ለሌላው ሸሚዝ የሆነ፣
በሱ ደረት ውስጥ ዛሬም ይፈተላል፣ ያልተሸመነ።

ነቃ። "ምን አገኘህ?"
"ምንም፣ ጋሽ እንድሪስ።"
"አብሽር" አለኝ። እኔን!
ተመልሶ ተኛ።

በወሩ ሪፖርት ላይ የዳነው አየር በብር ተሰልቶ ይገባል፤
እንዲህ ላለው አየር ግን ዓምድ አልተሠራም።

ወደ ወንበሬ ብመለስ ማሽኑ ይጠብቀኛል፣
ሁለት ቃል ብቻ ዘርግቶ፤ ከሁለት በላይ አላስተማርኩትም።
"ጤና" ብለው፣
ከነገ ጀምሮ ይህን ድምፅ ሰምቶ ዝም ይላል፤ ዝም ያሰኘሁት እኔ።
ደግሞስ በየትኛው አፌ፣ "እንድሪስ ጤና" ብዬ?
"ቀዳዳ" ብለው፣
የምን ጎማ፣ በስንት ቁጥር ቁልፍ፣ ከየትኛው መጋዘን አውጥቼ?

አዛን ተሰማ። የቀኑ ፈረቃ በር ላይ ይፈተሻል።
ጣቴ ከሁለቱ ቃል መሃል እንደቆመ ነው።
ሃያ ሰባት፣
ሲስብ ይጠፋል፣
ሲያወጣ ይቀላል።